ልጄ አርጊሪስ በሠርጉ ጠዋት እንዴት እንደተላጨ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፖሊክሴኒ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆት የተሞላ ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ሜልቦርን ከደጃፍሽ ይድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ከደረጃው ጋር ታረቀ? ባለቤትሽን ቫንጌሊስን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው ወይ? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። ደኅና ነን ማለቴ ስለ ጤናችን ነው እንጂ እኔስ ይኸው ዘጠኝ ቀን እህል አልዋጥ ብሎኛል ብልሽ ይሻላል። ተናድጃለሁ እትዬ፤ መጀመሪያ የተናደድኩት በልጅሽ በሌፍቴሪስ ነው።

የልጄ ሠርግ እንዴት ዋለ ብለሽ ስትደውዪ ባለቤቴ ክሪሳንቲ “አምሮ ዋለ” ብላ ዘጋችው። እውነቱን እኔ ልንገርሽ። አርባ አንድ ዓመት በዚህች ከተማ ስላጭ በእጄ ሳያልፍ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሙሽራ የለም። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ሚዜው ምላጩን አንዴ ብቻ ጉንጩ ላይ ያሳርፍና ለባለሙያው ያስረክባል። ፀጉር ቤቴን ከዘጋሁ ሁለት ዓመት ቢሆነኝም ያንን አንድ ጠዋት ግን አርጊሪስ ከተወለደ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር።

ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ውሃ አፈላሁ። ምላጩን በጠፍሩ ላይ እያመላለስኩ ሳልኩ። አርጊሪስ ጢሙ ወፍራም፣ ቆዳው ግን እንደ እናቱ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ፊት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ትኩስ ፎጣ ሁለቴ ይጠመጠምለታል፣ ጠብታ የምታህል የወይራ ዘይት ይታሻል፣ ከዚያ ሳሙናው በብሩሽ እየተሽከረከረ ጢሙን ከሥሩ ያስነሳዋል። ምላጭ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ጢሙ በተኛበት በኩል ቁልቁል።

ሙሽራው ግቢው መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ክላርኔቱ ተነፋ። ፎጣዬን ጨምቄ ብጠጋ ሚዜ የሆነው ልጅሽ በክርኑ ገፋ አደረገኝና “አጎቴ፣ አንተ ዛሬ ባለሠርግ ነህ፣ አርፈህ ተቀመጥ። ጀምሬ እኔው እጨርሰዋለሁ” አለኝ። “ፎጣውስ?” ስለው “ተው እንጂ አጎቴ፣ ፎጣ ምናምን እኮ ድሮ ቀረ። እኛ አገር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው” ብሎ ከቆርቆሮ ፊስ እያለ የሚወጣ አረፋ የልጄ ደረቅ ጉንጭ ላይ ለቀለቀበት። ከዚያማ ሽቅብ ይገፍፈው ጀመር። ሽቅብ፣ እትዬ! ክላርኔት ነፊው ሽማግሌው ቲሚዮስ ዜማውን አቋርጦ “ጎበዝ፣ ሙሽራ ነው የሚላጨው ወይስ በግ ነው የሚገፈፈው?” ሲል ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ አገጩ ላይ አራት ቁራጭ ወረቀት ለጥፎ፣ የሸሚዙ አንገትጌ በደም ተነክቶ ለዘውድ ቆመ። ቄሱ እንኳ ዘውዱን ሲጭኑለት ቀና ብለው ላለማየት ይታገሉ ነበር።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ሙያዬ፣ አገር ምድሩ እያየ ተናቅሁ። ለልጅሽ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ሌሊቱን ሲሄድም አውሮፕላን ማረፊያ አልሸኘሁትም።

በማግሥቱ አርጊሪስ ፊቱ በርበሬ መስሎ መጣ። አስተኛሁትና በቀዝቃዛ ውሃ የነከርኩትን ጨርቅ አለበስኩት፣ ደም የሚያቆመውን ነጭ ድንጋይ አሻሸሁለት፣ ሽቶ የሚባል እንዳያስነካው፣ አራት ቀንም ምላጭ እንዳያስጠጋ አዘዝኩት። የልጅሽን ስም እየጠራሁ ስራገም ከጨርቁ ሥር ሆኖ “አባዬ፣ ሌፍቴሪስን አትቀየመው። እንዲላጨኝ የለመንኩት እኔ ነኝ” አለኝ። ለምን አልኩት። “እጅህ እኮ ይንቀጠቀጣል አባዬ። እማዬም ታውቃለች፣ አክስቴም ታውቃለች” አለኝ። የጨርቁ ውሃ ትራሱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ለካ የሚያንጠባጥበው የያዘው እጄ ነው።

ታውቂ ነበር ማለት ነው፣ እትዬ። ታዲያ ምነው እኔ ብቻ ቀረሁ? የአገሩ ወንድ ሁሉ ጉሮሮውን አምኖ የሰጠው ሰው እውነትን መሸከም አይችልም ብላችሁ ነው? ብትነግሩኝ ኖሮ አንድ ቀን እቆጣ ነበር፣ ሁለት ቀን አኮርፍ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ግን ሌፍቴሪስን አስቀምጬ አስተምረው ነበር። ፎጣውንና ሳሙናውን እኔ፣ ምላጩን እሱ እንይዝ ነበር። የልጄን ፊት ያደማው ያ ቆርቆሮ አይደለም፤ የእናንተ ለእኔ ማዘን ነው። አታድርጉት፤ ሁለተኛ እንዲህ አትዘኑልኝ።

ለቫንጌሊስ እንደ ወንድም ሰላም በይልኝ። ልጅሽን አንቲጎኒን ከነልጆቿ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ሌፍቴሪስን አጎትህ ያለ ጥፋትህ ረግሞሃል፣ ይቅር በለው በይው፤ ሽቅብ ስለመላጨቱ ግን ይቅርታ የለኝም።

ጽሕፈቱ እንግዳ ሆኖብሽ ይሆናል። እኔ እየተናገርኩ የጻፈችው ክሪሳንቲ ናት። “እማዬም ታውቃለች” የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆሞ ነበር፤ ጻፊው አልኳት፣ ጻፈችው። ስሜን ግን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ በሦስተኛው ወረቀት ተሳካልኝ።

ወንድምሽ ስታማቲስ
ኮኒትሳ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1998