የአዝመራው ስኩተርና የእኔ ቦራ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለእታለም ዋጋዬ፤ ምጽዋ።

እንደምን ከርመሻል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ልጅሽን እህተማርያምን ጉንፋኑ ለቀቃት ወይ? ባለቤትሽ ጋሼ ደሴስ ጀልባቸው ላይ በደህና ይውላሉ? እኛ፣ እናታችንም፣ የሻረግም፣ ልጆቼም፣ ከብቱም ሳይቀር ደህና ነን። እናታችንን ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እኔም በአካሌ ደህና ነኝ። በልቤ ግን ደህና አይደለሁም፤ ይህን የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። አንብቢና ቅደጂው፤ ለጋሼ ደሴም አታሳዪ።

በጭነት መኪና የላክሽው ጥቅል በታኅሣሥ ደረሰ። ጆንያው ላይ የአባታችን ስም ብቻ ስለነበረበት፣ ለእኔ መስሎኝ ከእንጅባራ በፈረሴ በቦራ ጭኜ ጥርባ ድረስ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ዋጋዬ አልረሳችኝም እያልኩ ስደሰት ነበር። ቤት ደርሼ ስፈታው ግን ለመምህር አዝመራው የሚል ወረቀትሽን አገኘሁ። ጋሼ ደሴ አጣጥፈው ጀልባ ላይ ይጭኑት የነበረ፣ ከወደቡ ሲወርዱ ዘርግተው እስከ ቤት የሚሄዱበት ስኩተር መሆኑን ጽፈሻል። እሳቸው አዲስ ስለገዙ ይኸኛው የታናሽ ወንድማችንን እግር ያሳርፍለት ብለሻል። እኔም እግር አለኝ እኮ፣ እታለም። ፈረስ አለህ ትዪኝ ይሆናል። ፈረስ ያለው ሰው እህቱ እንድታስበው አይፈልግም ያለሽ ማነው?

ነገሩ ለካ ኮርቻ የሌለው ብስክሌት ነው። ሰው ቆሞበት በአንድ እግሩ መሬቱን እየገፋ ይነዳዋል። አዝመራው ጠዋት ጠዋት በእሱ እንጅባራ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ እዚያ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይገባል። እናታችን ልጄ እኮ ሲሄድ አቧራ እንኳ አይነካውም ትላለች። ይህን የምትለው እኔ ከእርሻ መጥቼ አቧራ ለብሼ አጠገቧ ተቀምጬ ነው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ስሙ ነው። በእኛ አገር የፈረስ ስም የሚገኘው በግልቢያ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ሽማግሎቹ አባ ቦራ ይሉኛል ብዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጊዮርጊስ በዓል ጋልቤያለሁ። ማንም አላለኝም። አዝመራው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ያውም በብረት፣ አባ ሽው ተባለ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ሽማግሎቹም አጸኑለት። ቀናሁ፣ እታለም። እህል አልወርድ እስኪለኝ ድረስ ቀናሁ።

ጥር 23 ቀን ከፈረሰኞቹ ጋር ተሰለፍኩ። ቦራን እንደዚያ ቀን ጋልቤው አላውቅም። ጨርሼ ልጓሙን ስቤ ዞር ብል ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶኛል። አዝመራው በመንገዱ ላይ ሲነዳ እያዩ አባ ሽው፣ አባ ሽው ይላሉ። ሚስቴ የሻረግ እንኳ ታጨበጭብ ነበር። አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ድግሱ ላይ ሳለ፣ የስኩተሩ መሪ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያለውን ብሎን በጉጠት አላላሁት። ሰው ፊት ይውደቅና ይሳቅበት ብዬ ነው እንጂ ሌላ ክፋት አላሰብኩም።

በማግስቱ ከብቶቹን ሳወጣ አዝመራው ሄዷል። ወደ ድልድዩ የሚወርደው ቁልቁለት ትዝ ሲለኝ ከብቶቹን እዚያው ተውኳቸው። ቦራን ያለ ኮርቻ ወጥቼበት ተከተልኩት። ቁም እያልኩ ስጮህ ዘወር ብሎ አየኝና ሳቀ፤ እሽቅድምድም የገጠምኩት መስሎት ጨምሮ ገፋ። መንገደኛው ዳር ይዞ ያየናል። እንዴት እንደደረስኩበት አላውቅም። አልፌው ቦራን መንገዱ ላይ አግድም አቆምኩት። አዝመራው ፍሬኑን ረግጦ ሲዘል መሪው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ድልድዩ ከዚያ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። እንዴት አወቅህ ቢለኝ፣ መሪው ሲወዛወዝ ከሩቅ አይቼ ነው አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሽማግሎቹ አስቆሙኝ። ያን ቁልቁለት ያለ ኮርቻ ጋልቦ ወንድሙን ከሞት ያዳነ ብለው በሕዝብ ፊት አባ ቦራ አሉኝ። እናታችን በአገውኛ መረቀችኝ፤ የሻረግ እልል አለች። አዝመራውማ ተማሪዎቹን ሳይቀር እንዲህ ብላችሁ ጥሩት ብሏቸዋል።

ዘጠኝ ዓመት የተመኘሁት ስም ነው፤ አሁን ሲጠሩኝ አንገቴን እደፋለሁ። ቅናቱም አልለቀቀኝም። አሁን የምቀናው ግን እነሱ በሚያወሩለት በዚያ ሰው ነው፤ ለወንድሙ ብሎ በጋለበው። ለአዝመራው ልንገረው ወይስ ይዤው ልኑር? ብነግረው ወንድሜን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። አንቺ ታላቃችን ነሽ፤ ፍረጂ።

እናታችን በሁለት እጇ ጉንጭሽን ይዛ ትስምሻለች። የሻረግና ልጆቹ እጅ ይነሳሉ። ጋሼ ደሴን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፤ እህተማርያምን ዓይኗን ሳሚልኝ። አዝመራው ከጎኔ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ ነው፤ ያን ቁልቁለት እንዴት አድርጌ እንደጋለብኩ አንድም ሳላስቀር እንድጽፍልሽ አዞኛል።

ወንድምሽ ክንዴ
ጥርባ፣ እንጅባራ
የካቲት 6 ቀን 1955 ዓ.ም.