የደጀኔ ስልክ እስኪዘጋ

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

ውሃ መጣች። ከአምስት ቀን በኋላ። ሁለት ጀሪካን ሞላ፣ ሦስተኛው ገና ነው። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በባትሪ መብራት እጽፋለሁ። መብራት ከእሑድ ጀምሮ የለም። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል። ደጀኔ ትናንት ከሲሬ ደውሎ አጥቶኝ ይሆናል፤ ይቆጣኛል። ዛሬ ይመጣል። ሽሮ አለ፣ ዘይት የለም። ዘይት ደግሞ እንደገና ጨመረ።

በር ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት? የብዙ ሰው ኮቴ ነው። ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ናት። ከኋላዋ የእድራችን ዳኛ። ሌሎችም አሉ። ለምን ሁሉም ዝም

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ደብተሬ፣ ልጄ ሞተ። ይኸው ጻፍኩት።

ሰኞ ማታ ከሲሬ ሲመለስ የተሳፈረባት መኪና በዝናብ ተንሸራታ ተገለበጠች። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሌላ ልጅ የለኝም። እድርተኛው ማታውኑ ሰምቶ ነበር፤ ሊነጋጋ ሲል ሊያረዱኝ መጡ። ወጉ ነው። አልቀየምም። እነሱ ሲያለቅሱ አድረው እኔ ስለ ዘይት ማሰቤ ነው የሚቆጨኝ።

ስልኩን አምጥተው ሰጡኝ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ይሠራል። የሚከፈትበትን አላውቅም፤ ሲደወል ማንሳት ግን ይቻላል። የኪስ ቦርሳው ከነመታወቂያው አልተገኘም።

ዛሬ ጮኸ። አነሳሁት። አንድ ሰው በኦሮምኛ ጮኸብኝ። ደጆ፣ አንተ ቀጣፊ፣ ሦስት ቀን ብለህ ሁለት ሳምንት! ወፍጮዬ ቆሟል፣ ሴቶቹ በቆሏቸውን ተሸክመው እየረገሙኝ ነው! ኦቦ ዲንሳ ነው፣ የኡኬው ባለወፍጮ። ደጀኔ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ነበር፣ ከኡኬ እስከ ሲሬ የሚጠራው ብዙ ነው። መንገድ ላይ ነው አልኩት። ዋሸሁ።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ኦቦ ዲንሳ ደግሞ ደወለ። ነገርኩት። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዋቃዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ ሃርሜ ኮ፣ አለኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ እናቴ ማለቱ ነው። እኔው አጽናናሁት።

ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ነገረኝ። ደጀኔ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ ያዳምጥና፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ እናቴም እንዲህ ነው የምታንኮራፋው ይል ነበር አሉ። ባለጌ! ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አዴ ጫልቱ ደንግጣ ሮጣ መጣች።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ዛሬ ሦስት ሰው ደወለ። አንዷ የሲሬ ሴት ናት፤ ባሏ ሲታመም ደጀኔ በሞተር ብስክሌት ሐኪም ቤት አደረሰላት። አላውቅም ነበር። አንድ እናት የልጇን ግማሹን ብቻ ነው ለካ የምታውቀው። ሌላው ግማሽ በዚህ ስልክ እየመጣልኝ ነው።

መብራት የለም። የእኔ ስልክ ይዘጋ፣ የእሱን ግን ሱቅ ወስጄ አስሞላዋለሁ። ለዚህም ያስከፍላሉ።

ማታ መልእክት መጣ፣ በተሰነጠቀው መስታወት ላይ አነበብኩት። በዲጂታል መታወቂያ ያልተረጋገጠ መስመር ነሐሴ 5 ይዘጋል። አምና እኔን ያስመዘገበኝ እሱ ነው። ልብስ በማጠብ ያለቀው ጣቴ አሻራ አልሰጥ ሲል በሎሚ አሽቶ ሦስቴ አስሞከረኝ። የራሱ ተራ ሲደርስ ወፍጮ ተበላሸ ተባለና ሄደ። የሰው ወፍጮ።

ሐምሌ 19፣ ዓርብ

ባጃጅ ጨምሯል፣ ቤንዚን ነው ይላሉ። በእግሬ ሄድኩ። ስልክ መ/ቤት ወረፋው እስከ ደጅ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ፣ አሻራ ይሰጣል አለች። የት እንዳለ ነገርኳት። አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የሞት ምስክር ወረቀት ካመጣሽ፣ እናቴ፣ ወደ አንቺ ስም እናዞረዋለን። ቁጥሩ ያው ይሆናል? አልኳት። ያው ነው አለች። ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ቀበሌ ሦስተኛ ቀኔ። ዓርብ ከሰዓት መብራት የለም፣ ትናንት ኔትወርክ የለም፣ ዛሬ ሁለቱም አሉ! ጠዋት ቤ/ክ ሄጄ ለነፍስ አባቴ የአርባውን አስታውሼ፣ ከዚያው ቀጥታ ሄድኩ። ሁለት እድርተኞች መሰከሩልኝ። ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። የሟች ስም አለኝ። ሰጠሁት። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ጻፈ። አንብበሽ ፈርሚ አለኝ። እኔ ፊደል እንጂ ቁቤ አላነብም። ይህን ለማለት አፈርኩ። ፈረምኩ።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ማኅተሙ ያምራል። የልጅ ሞት ወረቀት ይዤ ደስ አለኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

ሐምሌ 26፣ ዓርብ

ደብተሬ፣ ምን እንዳደረግኩ ስሚ።

ልጅቷ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ኮምፒውተሩን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። እናቴ፣ ወልደ ሚካኤል ማነው?

ልጄ ነው፣ አልኳት።

መስመሩ የደጀኔ ነው፣ አለች።

ያኔ ገባኝ። ለቀበሌው የክርስትና ስሙን ሰጥቼዋለሁ። ከሞተ ወዲህ የሟች ስም ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ ቄስ ብቻ ነው። ለፍትሐቱ ወልደ ሚካኤል፣ ለሰባቱ ወልደ ሚካኤል። ጸሐፊውም ሲጠይቀኝ አፌ የለመደውን አለ። ምስክሮቹም የቤ/ክ ሰዎች ናቸው፣ ቢሰሙትም አይገርማቸውም።

እኔስ ገብቶኛል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይቀበለውም አለች ልጅቷ። እውነቷን ነው። ቀበሌ ተመለስኩ። የታተመ ስም የሚታረመው በፍ/ቤት ትእዛዝ ነው አለኝ ጸሐፊው፣ እሱም አዝኖ። ፍ/ቤት ደግሞ ለክረምት ሊዘጋ ቀናት ቀርተውታል፣ አዲስ መዝገብ ከመስከረም በኋላ ነው አሉ።

ማንን ልቆጣ? የሚሰደብ ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

ሐምሌ 29፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ስልኩ ሁለቴ ጮኸ፣ አላነሳሁም። ሊዘጋ ነው፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ።

አዴ ጫልቱ ገብታ ብርድ ልብሱን ገፈፈችኝ። አንቺ ሴትዮ ሥራ ፈትተሻል እንዴ? ሰው እየደወለ ነው! የደወለውን ሁሉ ቁጥርህን ንገረኝ በይው፣ ደብተር አለሽ አይደል፣ ቀን ከሌት የምትሞነጫጭሪበት? አለችኝ። ሰደበችኝ፣ ግን መላ ሰጠችኝ። ስማቸው እንጂ ቁጥራቸው መስታወቱ ላይ አይወጣም። ራሳቸው ይንገሩኝ።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

የደብተሩ ኋላ ገጾች እየሞሉ ነው። አንዳንዱ ቁጥሩን ሲጠይቁት ይጠረጥራል፤ የምን ምዝገባ ነው፣ ግብር ነው? ይለኛል። እናቱ ነኝ እላለሁ። ያኔ ይነግሩኛል፣ ቁጥሩንም፣ እሱንም። ኦቦ ዲንሳ የሚያውቃቸውን ባለወፍጮዎች ሁሉ ደውሉላት ብሏቸዋል። አንዱ ከሲሬ፣ ደጀኔ ያሰረለትን የሞተር ቀበቶ እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም አለኝ። ወደፊትም አልቀይረውም አለ።

ነሐሴ 5፣ እሑድ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሴት ደወለች። ለሰላምታ አካም ቡልቴ ከማለቷ ተቋረጠ። መስታወቱ ላይ አገልግሎት የለም ይላል። ከእኔ ስልክ ወደ እሱ ደወልኩ። አይገኝም አለኝ። እሺ አልኩ።

ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም። ቁጥሯን ሳልጽፍ አመለጠችኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቱን ለነፍስ አባቴ አሳየሁት። እሱም ቁቤ አያነብም። የሆነውን ነገርኩት። ብዙ አየው፣ ከዚያ፣ ስህተት ነው ያሉሽ ለእነሱ ነው፣ እኛ በዚህ ስም ነው የምንጠራው አለኝ።

ወሰንኩ። ከመስከረም በኋላም ፍ/ቤት አልሄድም። ወረቀቱ እንዳለ ይቀመጥ።

ዓርብ አርባው ነው። ከነገ ጀምሮ በኋላ ገጽ ያሉትን ሁሉ በራሴ ስልክ እደውላለሁ። የሚመጣ ይመጣል። አዴ ጫልቱ እኛ ጴንጤዎች ለሞተ አንጸልይም፣ ለአንቺ ግን እጸልያለሁ ብላኛለች። እሱንም ተቀብያለሁ። ዓርብ ሽንኩርቱን የምትከትፈው እሷ ናት።

ደብተሬ፣ አንድ ቀን እኔም አልፌ በሌላ ሰው እጅ ትገቢ ይሆናል። የምታነብ ሰው፣ ቁጥሮቹን እለፋቸው፣ አንተን አይመለከቱም። እዚህች ላይ ግን ቁም። ደጀኔ ብትል ደግ ነው፣ የኡኬ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። ለነፍሱ ስትጸልይለት ግን ስሙን እንደ ወረቀቱ ጥራልኝ። ወልደ ሚካኤል ነው።