ጋሼ የሚከፍሉልኝ አባልነት

ሰኞ

ከፈልኩ። ማለቴ ጓደኛዬ ሰዓዳ ከፈለችልኝ። ሥራ ፈላጊም ነጋዴም የሚገናኝበት ድረ ገጽ የእኛን አገር ካርድ አልቀበል ስላለ እሷ በዱባዩ ካርዷ ከፈለች፣ እኔ ብሩን ለእናቷ ሰጠሁ። አሁን ስሜ አጠገብ የወርቅ ቀለም ያላት ምልክት አለች። ገጼን ማን እንዳየም ይነግረኛል። እስከ ዛሬ ፊታቸው ደብዝዞ ሲያጓጉኝ የነበሩት ተገለጡ። አንዷ አብራኝ የተማረች፣ እሷም ሥራ ፈላጊ። አንዱ ከሱቃችን ሴራሚክ የሚገዛ ኮንትራክተር። ሦስተኛዋ ራሷ ሰዓዳ፣ ክፍያው መግባቱን ልታይ።

ለዚህ ነው የወር የታክሲ ብሬን ያወጣሁት።

ማክሰኞ

መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አራት ቦታ አመለከትኩ። "ከቀዳሚዎቹ አመልካቾች አንዷ ነሽ" ይለኛል። ለሁሉም ሳይል አይቀርም። ግን ደስ አለኝ።

ወሎ ሰፈር ስደርስ ጋሼ ነስሩ በሩ ላይ ቆመው "ልጄ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አይደል?" አሉ። የሱቁ ቁልፍ ሁልጊዜ እኔ ጋ ነው። የእናቴ ወንድም ናቸው። አባዬ ከሞተ በኋላ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ስመረቅ ሒሳብ ያዥ ያደረጉኝም እሳቸው። ይኸው ዓመታት አለፉ፣ ደሞዜም ማዕረጌም "ልጄ" ላይ ቆሟል። እለቃለሁ ብል እናቴ "ያጎረሰ እጅ ተነከሰ" ትላለች። ከዚያ ለዒድ በየትኛው ፊቴ ቤታቸው እሄዳለሁ?

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። ያ ኮንትራክተር ዕቃ ሊያዝ መጥቶ፣ ስልኩን አውጥቶ ምልክቷን ለጋሼ አሳያቸው። "ልጅዎ እኮ ከፍላ ነው የምትጠቀመው" አላቸው፣ ሊያሞግሰኝ ብሎ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩ።

"ምን ለማድረግ ነው የሚከፈለው?"

ሰው ለመተዋወቅ አልኩ።

ሐሙስ

ቁጣ ስጠብቅ የባሰ መጣ። "ለሱቁ ብለሽ ከኪስሽ ማውጣትሽ አሳፈረኝ" አሉ። "ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምከፍለው። ሆቴል የሚሠሩ፣ አፓርታማ የሚሠሩ ሰዎች ፈልጊልን።" ከዚያ የይለፍ ቃሉን ጠየቁ። ምን ብዬ እከለክላለሁ? ሰጠሁ። ቤት ገብቼ ልቀይረው አሰብኩ፤ ነገ "አልገባ አለኝ" ቢሉኝስ? ተውኩት። ላመልጥበት የከፈልኩበት ነገር ጭራሽ ሥራ ጨመረብኝ። አልቅሼ ተኛሁ።

ዓርብ

ጋሼ ከጁምዓ ሲመለሱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው በእኔ ገጽ የገቡ መልእክቶችን ያያሉ። እኔ ለማላውቃቸው ሰዎች የመታጠቢያ ገንዳ ዋጋ እልካለሁ። አንዱ መለሰ፣ ናሙና ይፈልጋል። ጋሼ ደስ ብሏቸው ማኪያቶ አዘዙልኝ። የሚያናድደው እኔም ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ

ዛሬ እረፍት ነኝ። እዚሁ ሰሚት፣ ከኮንዶሚኒየማችን ብዙ የማይርቅ አንድ ድርጅት ማክሰኞ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ እንድመጣ በገጼ መልእክት ልኮልኛል። በደስታ ልጮህ ስል አየሁት። መልእክቱ ቀድሞ ተከፍቷል። እኔ አልከፈትኩትም።

ጋሼ እኔ ጋም እናቴ ጋም አልደወሉም። ልደውልና ልንገራቸው ብዬ ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ደግሞ አነሳሁ። ይሉኝታ ያዘኝ። በመጨረሻ እዚያው መልእክቱ ሥር መለስኩ። "ማክሰኞ እመጣለሁ። አሁን የምሠራበት ቤት ያሳደገኝ ቤት ነው። ብቀጠር በቦታዬ የሚተካውን ሰው አሠልጥኜ፣ አስመርቄ ነው የምወጣው።" ለሰሚቶቹ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ቀሪውን የጻፍኩት ለሌላ አንባቢ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ደወሉ። ስለ ገንዳው ናሙና አወሩ፣ የእናቴን ጉልበት ጠየቁ። ሊዘጉ ሲሉ "ቁልፉን ሰኞ ማታ ለእኔ ስጪኝ። ማክሰኞ እኔ እከፍታለሁ" አሉ።

እሺ ጋሼ አልኩ። ለማክሰኞ ብቻ ይሁን ለሁልጊዜ፣ አልጠየቅኩም።