ስድስተኛው ስም

ኔታንያ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴም ወንድሜም ለሆኑት ለጋሼ መንግስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መደወል እየቻልኩ ወረቀት መላኬ ግር ሳይልዎት አይቀርም። ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ያለው ቤታችን ግድግዳው ስስ ነው፤ ልጄ ኖጋ ሁሉን ትሰማለች። ደግሞም ነገሩን አፌ አልደፈረውም። ይህን የሚያደርስልዎት ሐይም ጎንደር የሚቆየው አሥር ቀን ነው፤ መልስዎን በእጁ ይስጡት።

ፖሌግ ሰፈር ባለው ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ሳሽግ መዋል እንደሰለቸኝ ያውቃሉ። ስለዚህ የሕፃናት ሞግዚትነት ትምህርት በኢንተርኔት ጀምሬያለሁ። አስተማሪያችንን ሺፍራን አንድ ቀን በአካል አይቻት አላውቅም። በየሳምንቱ የተማርነውን ከኑሯችን ጋር አያይዘን ብሎግ ላይ እንጽፋለን፤ ብሎግ ማለት ክፍሉ ሁሉ የሚያነበው ደብተር ይበሉት። ከዚያ አንዳችን በሌላችን ጽሑፍ ሥር የመሰለንን እንላለን። ዝም ያለ ነጥብ የለውም። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ አሁን ግን ሳልጽፍ ያለፈኝ ሳምንት ይከብደኛል። ዕብራይስጤ ስለሚሰናከል ኖጋ ታርምልኛለች።

የኖጋን አማት ልትሆን ያለችውን፣ የእጮኛዋን የኤሊያድን እናት ተናኜን፣ አብረን እንማር ብዬ ያስመዘገብኳት እኔው ነኝ። ምን አቅብጦኝ እንደሆነ እንጃ።

በሽምግልናው ጊዜ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ሰባት ቤት ሲቆጠር፣ በተናኜ እናት በኩል ቆጠራው እንደቆመ ነግሬዎት ነበር። እናቷ በሱዳን መንገድ ላይ ስትሞት ተናኜ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የእናቷን ወገን ስም የነገራት የለም። ሽማግሌዎቹም «መንገድ የበላውን አንጠይቅም» ብለው አለፉት። ሠርጉ ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል፣ በኋላ ነው። አዳራሹ ተይዟል፣ ጥሪውም ተበትኗል።

ባለፈው ሳምንት ሺፍራ፣ በልጅነታችሁ መቁጠር እንዴት ተማራችሁ፣ ቤተሰብ ጠይቃችሁ ጻፉ አለችን። እኔ ጣቴን እያጠፈ አባቶቻችንን የሚያስቆጥረኝ አባታችን ትዝ አለኝ። ተናኜ ግን ዓፉላ ድረስ ሄዳ የእናቷን አክስት ፈልጋ አገኘች። አሮጊቷ የእናቷን አባቶች አንድ በአንድ ቆጠሩላት። «በአርባ አምስት ዓመቴ እኔም ወገን እንዳለኝ አወቅሁ» ብላ ጻፈች። ክፍሉ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። የመጨረሻው ስም ቢያድግልኝ ነው፤ የደምቢያው፣ አንካሳው ብረት ቀጥቃጭ።

ጋሼ፣ አነበብኩት፣ ደገምኩት። ከኖጋ ተነስቼ ቆጠርኩ፤ ስድስተኛው እሱ ነው። ከኤሊያድም ተነስቼ ቆጠርኩ፤ ስድስተኛው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ እንኳ ጣቶቼ ይታጠፋሉ።

ተናኜ ደወለችልኝ።

«ባንችዬ፣ ሁሉም ከጽሑፌ ሥር ታጉቫ ጽፎልኛል፤ አንቺ ብቻ ቀረሽ። አላነበብሽውም እንዴ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኳት።

«ከሰው ሁሉ አንቺ ቀድመሽ ብታይልኝ ነበር ደስ የሚለኝ።»

ምን ልበል? «እንኳን አገኘሻቸው» ብዬ ጻፍኩላት። የራሴንም ጽሑፍ ማስረከብ ነበረብኝ፤ ከኖጋ ጀምሬ ወደ ላይ ስሞቹን ቆጠርኩበት። ኖጋ አጠገቤ ተቀምጣ እያረመች፣ «ኢማ፣ ለምን ሰባት ብለሽ አምስት ላይ አቆምሽ?» አለችኝ። የቀረውን ረሳሁት አልኳት።

«ቤሴዴር፣ እሺ፣ አጎቴ መንግስቴ ያውቃል። ፈተናዬ ሲያልቅ ደውዬ እጠይቀዋለሁ» አለች። ፈተናዋ በሁለት ሳምንት ያልቃል።

ብናገር ልጄ ትጠላኛለች፤ ተናኜም ወገኗን ባገኘች ማግስት፣ ያገኘችው ወገን የልጇን ሠርግ ያፈርስባታል። ዝም ብል አባታችን ያስተማረኝን ካድኩ። ኖጋንና ኤሊያድን አብረው ሲስቁ ሳይ እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ ሻወር ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። መውጫው ጠፋኝ፣ ጋሼ።

ምናልባት ደምቢያ ውስጥ ቢያድግልኝ የሚባል ሌላ አንካሳ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ ይሆን? አባታችን የነገረዎትን እስቲ ያስታውሱ። ሁለት ሰዎች ከነበሩ ለእኔም ይጻፉልኝ፣ ለኖጋም ይንገሯት።

አንድ ሰው ከሆነ ግን፣ ኖጋ ስትደውል ስልኩን አያንሱ።

ጤናዎን ያብዛልዎት። ጉልበትዎን ለመሳም ያብቃኝ።

እህትዎ ባንች