ዘፋኟ ባሌን ትመልስልኝ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሟቿን ዘፋኝ ስብስብ እና የእኔን ባል ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እርስዎንም፣ በሥርዎ ያሉትን ሠራተኞችም፣ በየሣጥኑ ተኝተው የሚጠብቁዎትን ሙታንም ፈጣሪ እንዲጠብቅልኝ እለምናለሁ። ፀሐይ አያግኝዎ፣ እርጥበት አይንካዎ፣ ብል አይድረስብዎ። በእርስዎ ቤት ለአንድ አሮጌ የአውቶቡስ ቲኬት እንኳ የሚደረገው ጥንቃቄ ይኸው መሆኑን ስለማውቅ፣ ከዚህ የበለጠ ምርቃት ከየትም አላመጣም።

ማንነቴን ልናገር። ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ለእርስዎ የሚያስፈልግዎት ግን ሌላው ማዕረጌ ነው፤ በቤተ መዛግብትዎ ስብስቦችን የሚያደራጀው የዚያ ሽማግሌ ሚስት ነኝ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልገው። ይህ ሰው ዘንድሮ ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ሊገባ ነበር። ባለፈው ሰሞን ቁርስ ላይ ግን ፊቱ እያበራ፣ እርስዎ «የዘፋኟ ስብስብ እስኪያልቅ ቆይልን» ብለው እንደጠየቁት አበሠረኝ። እስኪያልቅ! ክቡር ሆይ፣ ይህ ሥራ እንደማያልቅ እርስዎ ያውቃሉ፣ እሱ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ የማታውቀው ዘፋኟ ብቻ ናት፣ እሷም ስለሞተች ነው። ስለዚህ ኮንትራቱን እንዳያራዝሙለት ልለምንዎ ይህን ጻፍኩ። ልመናዬንም በግልጽ ያደረግሁት፣ ለብቻዎ ብጽፍልዎ በፋይል አድርገው በክብር እንደሚያስተኙኝ ስለጠረጠርኩ ነው።

ቤተ መዛግብትዎ የማይቀበለው ነገር እንደሌለ በአድናቆት እመሰክራለሁ። የእንስሳት ሐኪሙን ወረቀቶች ከነመርፌዎቹ ተቀብላችኋል። የእግር ኳስ ክለቡን ቃለ ጉባኤዎች ከፈነዳው ኳስ ጋር አስቀምጣችኋል። የመሬት ቀያሾቹ ካርታዎች፣ የሬዲዮ ጣቢያው ቴፖች፣ የጥርስ ሐኪሙ የጄሶ መንጋጋዎች፣ የዝናብ ለኪው ሰውዬ መዝገቦች፣ ሁሉም በእናንተ ዘንድ ቦታ አላቸው። ስለ ጎረቤቱ ውሻ ለማዘጋጃ ቤት ዕድሜ ልኩን አቤት ሲል የኖረው ሰው ደብዳቤዎችም አሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሙያ ወንድሜ ነው። በእነዚህ በአንዳቸውም አልቀናሁም። ባለቤቴ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር በነበረበት ጊዜ ልብሱ መድኃኒት መድኃኒት ይሸት ነበር፤ ችዬ አጥቤያለሁ። በመንጋጋዎቹ ዘመን እራት ላይ ስንቀመጥ አፍ አፌን ያየኝ ነበር፤ ታግሻለሁ። ከዚያ እሷ መጣች። ከልብሶቿ፣ ከጫማዎቿ፣ ከደብዳቤዎቿና ከቴፖቿ ጋር በጭነት መኪና መጣች፤ እነሆ የባሌን ልብ ጭና አልተመለሰችም። በሞተች ሴት መቅናት እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ይሳቁ። እኔ ግን ቀንቻለሁ፣ ደግሞም አላፍርበትም። በሕይወት ያለችዋን ሴት ቢያንስ መንገድ ላይ ጠብቀው ይሰድቧታል፤ ይችኛዋን ምን ያደርጓታል?

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እናንተ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማታዩ ስለተነገረኝ።

1ኛ. ስሟን አይጠራም። ቤት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ «ዛሬ እኮ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ማን እንዳደረገች መገመት የእኔ ፋንታ ነው። ሽንኩርት እንደማትወድ፣ መድረክ ከመውጣቷ በፊት እጇን ለብ ባለ ውኃ እንደምትነክር፣ የግራ እግሯ ከቀኝ እግሯ በጥቂቱ እንደሚሰፋ ነግሮኛል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የእግሯን ነገር ባልሰማው እመርጥ ነበር። የተጋባንበት ቀን ሲደርስ ባለቤቴ ጫማ ገዛልኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አስታወሰኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ካርቶኑን ከፈትኩ። ሠላሳ ስድስት ቁጥር ነው። እግሬ አይገባም። «ሠላሳ ስድስት አይደለሽም እንዴ?» አለኝ በቅን ልቦና። «ሠላሳ ስድስቷ ሞታለች» አልኩት። ለሰጡት የሥራ ልምድ አመሰግናለሁ፤ የሴት ጫማ መለካት እንዲህ አስተምረውልኛል።

2ኛ. ጣሪያችን ያፈሳል። የሚያፈሰውም በእኔ በኩል ባለው የአልጋ ጎን ላይ ነው። እናንተ ጋ ደግሞ የአየሩን እርጥበት እየመጠጠ የሚያደርቅ መሣሪያ አለ፤ ባለቤቴ ስለሱ ሲያወራ ሰው ስለ ልጁ የሚያወራ ይመስላል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ከወንበሩ ተነሥቶ ጃንጥላውን አነሣ። ወደ ጣሪያው ሊወጣ ነው ብዬ መሰላል ያዝኩለት። እሱ ለካ ወደ እናንተ መሄዱ ነው። «መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ቆሞ ይሆናል» ብሎኝ ወጣ። እኔ መሰላሉን ተደግፌ ቀረሁ፤ ከዚያም ሳፋ አምጥቼ አልጋው ላይ አኖርኩ። ማታ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር፤ «ደህና ናት» አለኝ። ስለ እኔ አልጠየቀም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት እስካሁን የሴት ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የወንድ ጭምር እንደሚሆን ገብቶኛል።

3ኛ. በሙያችሁ፣ ስብስብ ሲመጣ ባለቤቱ በተወበት ቅደም ተከተል ይቀመጣል እንጂ አይነካካም የሚል ሕግ እንዳለ ባለቤቴ አስረድቶኛል። ያስረዳኝ ወንበር ላይ የጣለውን ሱሪ እንዲያነሣ በጠየቅሁት ጊዜ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፤ የወንድ ስንፍና ሳይንሳዊ መሠረት እንዳለው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

4ኛ. ስለዚህኛው ቀልድ የለኝም፤ ቢጎድልብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሠርጋችን ፎቶ አንድ ብቻ ነው። ያነሣን ፎቶ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። ባለቤቴ አንድ ቀን ከግድግዳው አውርዶ፣ «እርጥበት ሊበላው ነው፣ የከተማው ፎቶ ቤቶች ስብስብ ውስጥ ላስገባው፤ ቅጂ አመጣልሻለሁ» አለኝ። ቅጂው እየመጣ ነው፤ እስካሁን በመንገድ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የቀረው ፎቶው የነበረበት ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ነው፤ እንግዳ ሲመጣ እሱን አሳያለሁ።

ባለፈው ሰሞን፣ ያ የቁርስ ብሥራት በተነገረኝ ማግሥት፣ ፎቶዬን ላይ ብዬ መጣሁ። ዘበኛዎ ቦርሳዬን፣ ጃንጥላዬንና እስክሪብቶዬን ተቀበለኝ። የንባብ ክፍሏ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ «እማማ፣ ጥናትዎ በምን ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «በራሴ ላይ» አልኳት። አልሳቀችም፤ ጻፈችው። ነጭ ጓንት አጥልቃልኝ ፎቶውን አመጣችልኝ። እኔ አለሁ፤ ፊቴን በሙሉ ወደ ካሜራው አዙሬ፣ ጥርሴን ሳልሸፍን ስስቅ። ከሥሩ ካርድ አለ፣ ጽሕፈቱም በእርሳስ የተጻፈ የባሌ ጽሕፈት ነው፦ «ሙሽራው፦ ፎቶውን ያስረከበው ራሱ። ሙሽሪት፦ ስሟ ያልታወቀ።»

ክቡር ሆይ፣ ደግሜ አነበብኩት። የሰውን ልጅ ጽሕፈት ሳርም ያረጀሁ ሰው ነኝና እጄ ቀይ እስክሪብቶ ፈለገ፤ ዘበኛዎ ወስዶብኛል።

ቤት ስንገናኝ ጠየቅሁት። «አንቺ ሴት፣ ሕግ እኮ ነው» አለኝ። «ጀርባው ላይ ስምሽ አልተጻፈም። አስረካቢ ስለ ቤተሰቡ ብቻውን አይመሰክርም። መጥተሽ ትፈርሚያለሽ፣ አለቀ።» ከዚያም ዓይኔን አይቶ «ለዚህ ይለቀሳል?» አለኝ። ልክ ነው፣ ለዚህ አይለቀስም። ያለቀስኩት ለሌላ ነው። በዘፋኟ ሣጥን ውስጥ አንድ ወንድ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመበት ፎቶ አለ። ስም የለውም፣ ፊት የለውም፤ ማጅራት ብቻ ነው። ባለቤቴ የዚህን ማጅራት ባለቤት ለማግኘት ያልደወለለት ሽማግሌ ሙዚቀኛ፣ ያላንኳኳው በር የለም። ምስክር ፈልጎ፣ ሁለት ሰው አስፈርሞ፣ በመጨረሻ አገኘው፤ ከበሮ መቺዋ ነበር። ያን ቀን ቤት ሲገባ ጮቤ ይረግጥ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሻይ አፈላሁለት። እንግዲህ ጀርባውን ለሰጠ ወንድ ስም ተፈልጎ ተገኘ፤ ፊቷን ለሰጠች ሚስት ግን ምስክር ጠፋ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። መዳብ እንኳ በካርዳችሁ ላይ «መዳብ» ተብሎ ይጻፋል።

5ኛ. አምስተኛውን ትቼዋለሁ። ሽቶዋን የሚመለከት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን ከንባብ ክፍሉ ሳልወጣ የዘፋኟን ቴፕ እንዲያሰሙኝ ጠየቅሁ። ጠላቴን ልወቅ ብዬ ነው። ድምጿ፣ ሳልወድ እናገራለሁ፣ አንጀት ይበላል። ልጅቷ ጆሮ ማዳመጫውን ልትቀበለኝ ስትመጣ አልሰጠኋትም። የዘፋኟን ደብዳቤዎችም አሳየችኝ። ለባሏ በየከተማው ሆና የጻፈቻቸው ናቸው፤ ባሏ አንዱንም ሳይከፍት መልሶላታል። ሲመጡላችሁ እንደታሸጉ ነበር፤ በስስ ምላጭ ጠርዛቸውን እያነሣ የከፈታቸው የእኔ ባል ነው። ይህንን ነግሮኝ ነበር፤ የከፈታቸው ዕለት ዓይኑ ቀልቶ መጥቶ «ማንም እኮ አላነበባትም፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ብሎኛል። እኔ ያኔ በንዴት ሳህን እያጠብኩ ስለነበር አልሰማሁትም፤ የንባብ ክፍላችሁ ውስጥ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ያልተነበበች ሴት ታሳዝነዋለች። ደግ ሰው ነው፤ ባይሆን ኖሮ መች እቀናበት ነበር! ችግሩ ሴት ያልተነበበች ለመባል መሞትና በጭነት መኪና መምጣት ያለባት ይመስለዋል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና ሁለት ምርጫ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ከላይ እንደለመንኩት፣ ባለቤቴን በጊዜው በምስጋና ወረቀት ያሰናብቱልኝ። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን እኔን በስብስብነት ይቀበሉኝ። የመቀበያ መሥፈርታችሁን በራችሁ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ብርቅነት፣ የይዞታ ሁኔታ፣ ለጥናት ያለው ጠቀሜታ ይላል። ብርቅነቴን እንደኔ የታገሠች ሌላ ሴት ፈልገው ያረጋግጡ። ይዞታዬ፣ ጣሪያው ካፈሰሰበት ትከሻዬ በስተቀር፣ ደህና ነው። ለጥናት ያለኝን ጠቀሜታ በተመለከተ፣ እስካሁን ማንም አላጠናኝምና መስኩ ክፍት ነው። የማቀርበው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ የሚያደራጀኝ እሱ ራሱ ይሁን፣ አይቸኩል፣ ያገኘውንም ቤት ገብቶ ለማንም አያውራ።

ስላደረጉልኝ ሁሉ፣ ባለቤቴን ጥንቃቄ ስላስተማሩልኝና ጥንቃቄውን ሁሉ እዚያው ስላስቀሩት፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሣጥኖችዎ ይብዙ፣ መደርደሪያዎችዎ ይጽኑ፣ ቤትዎ ሲገቡም የሚስትዎን ስም የሚያስታውሱ ያድርግዎ።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣
በመዝገብዎ «ስሟ ያልታወቀ» ተብዬ የምታወቀው

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
በዩኒቨርሲቲው መግቢያ በር ላይ ላለው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለከበሮ መቺው፣ ባለበት

ማስታወሻ፦ አንድን ስብስብ የሚመለከት ደብዳቤ ሁሉ ከዚያው ስብስብ ጋር እንደሚቀመጥ ባለቤቴ እራት ላይ አስተምሮኛል። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ የዘፋኟ ስብስብ ስለሆነ፣ በሕጋችሁ መሠረት ወደ ሣጥኖቿ ይገባል፤ የሚያስገባውም እሱ ነው። ሥራ እንዳይበዛበት በየወረቀቱ በአንዱ ገጽ ላይ ብቻ ጽፌአለሁ፣ የሚዝግ ስፒልም አላደረግሁበትም፤ ጓንቱን አጥልቆ ቀስ ብሎ ያንብበኝ። ስሜን ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ጸሐፊው ያልታወቀ ወረቀት ሲገኝ አደራጁ ተግቶ ባለቤቱን መፈለግ እንዳለበት ሕጋችሁ ያዛል፤ ለማጅራቱ ሰውዬ እንዳደረገው ለእኔም በር ያንኳኳ። ፍለጋው ከጠናበት አንድ ፍንጭ ልስጠው፤ የጫማ ቁጥሯ አርባ ነው።