ዋስ የሌለው እንግዳ

ለልጄ ለሷሊሕ፣ ጅቡቲ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ማሽላውም አፍርቷል።

የወደብ ሥራ ፈቃድ ለማግኘት እዚያ ባለው የጣሊያን ቆንስላ «የጣሊያን ተገዢ ነኝ» ብዬ ልፈርም ወይ ብለኸኛል። አትፈርም። እዚህ ሸዋ ሮቢትም ያንኑ ወረቀት ያልያዘ ገበያ አይገባም ተብሏል። እምቢ ያለውን ጎረቤታችንን አየለን ደብረ ሲና ወስደው አስረውታል።

እኔንም የጣሊያኑ ሹም አስጠርቶ ፈርም አለኝ። «በይፋት ከሌላ አገር የመጣ ሰው ዋስ ሳይጠራ መሬት አይሰጠውም። እኔ እዚሁ ተወለድሁ፤ የመጣኸው አንተ ነህ። ዋስህ ማነው?» አልሁት።

አስተርጓሚው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አባባ አሊዪ፣ ይህንን ብተረጉም የምገረፈው እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው አሳጥረው። እምቢ ብሏል በለው።»

ሐሙስ ተመልሼ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። እቀርባለሁ፤ ቃሌም ያው ነው። በሬዎቹን ለእህትህ ለመሊካ ሰጥቻለሁ፤ ማሽላውን ባሏ ያጭደዋል። ወፍራሙን ጋቢዬንም አጥባልኛለች።

አንተም የማን ሰው ነህ ሲሉህ የይፋቱ የአሊዪ ልጅ ነኝ በል። በዚህ ስም ሥራ ከከለከሉህ ሌላ ሥራ ፈልግ። ምንም ብትሰማ እንዳትመጣ።

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ። መልስህን በመሊካ ስም ላከው።

አባትህ አሊዪ