ሁለቱም ቀይ

ሐሙስ፣ ኅዳር 3። ከቀኑ 9፡30

ዛሬም ተበላሁ፣ ማስታወሻዬ። አውቶቡሱ ታጥቧል። የምጽዋ ተራችን ነገ ነው። ጋራዡ ጥላ ሥር ሦስት ሆነን ፖከር፦ እኔ ወሎዬው ትኬት ቆራጭ፣ ሜካኒኩ ዘርአይ፣ ሾፌሬ ኣቦይ ተኽለ። መወራረጃችን ሽምብራ። በእጄ ሰባትና አራት፣ ሁለቱም ልብ። የማይረባ እጅ! ግን አንድ ዓይነት ናቸው፤ መጣል አቃተኝ። መሬት ከሚዘረጉት አምስት ካርታዎች ሦስቱ ልብ ሆነው አምስት ልብ ይሞላልኛል፣ እበላለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ብቻ መጣ። ሽምብራዬ አለቀ።

ኣቦይ ተ. ሳቁብኝ። ጨዋታውን የተማሩት ድሮ ቃኘው ጦር ሰፈር ለአሜሪካኖች መኪና ሲነዱ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ሲያዩ ሁሌም "ደርብዮ ወደይ"፣ ጣለው ልጄ ይሉኛል። ልብሱ የገጠመ፣ ኪሱ ባዶ ሙሽራ ነው ይሉታል። እሳቸው ጥሩ ካልያዙ አይገቡም።

ሰኞ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 10፡00

ጉድ ነው! ኣቦይ ተ. ራሳቸው በስምንትና በሦስት ገቡ። አንድ ዓይነት ናቸው አሉ። መጨረሻ ላይ ሳይገልጡ ጣሏቸው። ወሎዬው አበላሸዎት ብሎ ዘርአይ በሳቅ ሞተ። ደስ አለኝ፤ በጅልነቴ ጓደኛ አገኘሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 10፡15

መሬት ላይ ሦስት ልብ ነበር። ኣቦይ ተ. ዘጠኝና አምስት ገለጡ፤ "ሓሙሽተ ልቢ!"፣ አምስት ልብ ብለው ሽምብራውን በሁለት እጃቸው ጠረጉት። ዘጠኙ ልብ ነው። አምስቱ ግን ዳይመንድ። ዘርአይ ሊናገር ሲል በጉልበቴ ነካሁት። ካርታውን መሰብሰብ ጀመረ።

ማጭበርበር አይደለም። የሚያጭበረብር ሰው የሰው ፊት ያያል። እሳቸው ካርታውን ነበር የሚያዩት፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው። ሁለቱም ቀይ፤ ቅርጹን አልለዩትም።

ባለፈው ዓርብ ምጽዋ መንገድ ላይ፣ ከነፋሲት በላይ፣ ጉም ውስጥ፣ የሚመጣው ካሚዮን ነው ወይስ አውቶቡስ ብለው ጠየቁኝ። ወሬ መስሎኝ መለስኩ። ስንት ጊዜ ጠይቀውኛል? በስንት ኩርባ ላይ?

እሑድ፣ ኅዳር 13። ከቀኑ 8፡00

መቀመጥ አልቻልኩም። ሰፈሬን ዓባ ሻውልን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ለባለ አውቶቡሱ ብናገር መሪውን ይቀማቸዋል። ሌላ ሥራ አያውቁም። እኔስ? ነጻነት የገባ ጊዜ የሀገሬ ልጆች ጓዛቸውን ጭነው ወደ ደሴ ሲሄዱ፣ ይሄ ልጄ ነው፣ የትም አይሄድም ብለው በሰፈሩ ሰው ፊት የቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። የምተኛባት ክፍል እንኳ በሳቸው ቃል የተገኘች። ለኚህ ሰው ነው ዓይንዎ ደክሟል የምለው?

ዝም ብል ደግሞ ሃምሳ ሰው አለ። እናቶች፣ ሕፃናት።

ቤታቸው ሄድኩ። ሻሂ ጠጣን። ስለ ብርዱ አወራሁ። የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ፈሪ!

ምናልባት የዚያን ቀን ብቻ ይሆናል። ፀሐይ መትቷቸው ይሆናል። ሲቸግር የማይባል የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 14። ከንጋቱ 11፡40

የምጽዋ ተራችን ደርሷል፤ ሰው ሞልቷል። ትኬት ቆርጬ ጨረስኩ። እንደ ወትሮው ሞተሩን አሙቄ አጠፋሁ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። መብራቱ ፊቴ ላይ ነው።

ኣቦይ ተ. መጡ። አምስት እርምጃ ሲቀራቸው ፈገግ አሉ። "ዘርአይ፣ ደሓንዶ ሓዲርካ?" ብለው ሰላም አሉኝ።

እኔን። ሁለት ዓመት አብሬያቸው የሠራሁትን።

አሁን ጎማውን በእግራቸው እየመቱ በአውቶቡሱ ዙሪያ ናቸው። ዞረው ሲመጡ ለቁልፉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ለማንም አልነገርኩም፤ መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ቁልፉን አልሰጥም።